በፕላስተር የተጠቀለለው ሽቦ

«ልብ አይደለም፣ ኮረንቲ ነው! ሐኪሙ እዚህ ነበር እንዴ?» አለ የሟች ወንድም፣ ድምፁን ዝቅ ያደረገ መስሎት።

ዕድሜውን ሙሉ ከባድ መኪና ሲነዳ የኖረ ሰው ስለሆነ ሹክሹክታው እንኳ ከሞተር ጩኸት በላይ ነው። አጠገቡ የተቀመጡት ጎረቤቶች ራሳቸውን ነቀነቁ። ሻይ ሊጎነጭ የነበረ አንድ ሰውዬ ብርጭቆውን ከከንፈሩ መልሶ፣ መስኮቱ ሥር ወደተቀመጠችው መበለት ሰረቅ አድርጎ አየ፤ ዓይን ለዓይን ሲጋጠሙ ግን ቶሎ ወደ ሻዩ ተመለሰ።

መበለቲቱን ቤተሰቡም ሰፈሩም «እቴቴ» ነው የሚላት። እቴቴ ሁሉንም ሰምታለች። የደከመው ጉልበቷ እንጂ ጆሮዋ አይደለም።

«ግራ እጁ ሳጥኗ ላይ ነበር፤» ቀጠለ ሾፌሩ። «ግራ እጅ ደግሞ መንገዱ ቀጥታ ወደ ልብ ነው። አንድ ጓደኛዬ የመኪና ባትሪ ሲቀይር እንደዚሁ...»

«ኧረ ተው አንተ ሰው፣ የመኪና ባትሪ አይገድልም፤» አለችው ከጎኑ ያለችው ጎረቤት።

«እንግዲያው ሄደሽ እሱን ጠይቂው። ከሞተ አሥር ዓመቱ ነው።»

ሁለት ሰዎች ሊስቁ ሲሉ ለቅሶ ቤት መሆናቸው ትዝ አላቸውና በሳል አድበሰበሱት።

እቴቴ እጇን ወደ ጥቁር ቀሚሷ ኪስ ሰደደች። እዚያው ናት። የሕፃን ጡጫ የምታህል ጥቁር ነገር፣ ረጅም ጅራት ያላት፤ የወጥ ቤቱ ሬዲዮ አዳፕተር። ባሏ ከሞተበት ጠዋት ጀምሮ፣ ይኸው ሁለተኛ ቀኑ፣ ከኪሷ አልተለየችም። ልትተኛ ስትል ትራስ ሥር ትሸጉጣታለች፣ ስትነሳ መልሳ ኪሷ ትከታታለች። ያቺን አዳፕተር ባሏ በሞተበት ጠዋት ሳጥኗ ላይ የሰካችው እቴቴ ናት። ይህን ከእሷና ከፈጣሪ በቀር የሚያውቅ የለም።

ባሏ የስፌት መኪና ጠጋኝ ነበር፤ በወጣትነቱ ደግሞ ማታ ማታ ባንድ ውስጥ ጊታር ይጫወት ነበር። ጡረታ ከወጣ በኋላ ሳሎኑ ጥግ ባለችው ጠረጴዛ ላይ አንዲት የብረት ሳጥን ሲሠራ ስምንት ወር ቆየ። ከሳሙና ማስቀመጫ ትንሽ ከፍ የምትል፣ አናቷ ላይ በእግር የሚረገጥ ቁልፍ፣ ከቁልፉ በላይ ሁለት የሚሽከረከሩ ጆሮዎች ያሏት ፔዳል ናት። ጊታር በአንድ ጎኗ፣ የድምፅ ማጉያ በሌላ ጎኗ ይሰካል፤ ቁልፏ ሲረገጥ ጥርት ያለውን የጊታር ድምፅ ሻካራ አድርጋ፣ አንጀት ድረስ የሚያጉረመርም አድርጋ ታወጣዋለች። ብትሠራ ማለት ነው። አልሠራችም። ስምንት ወር ሙሉ እሱ ይረግጣል፣ እሷ ዝም ትላለች።

ያን ጠዋትም ጠረጴዛው ላይ አቀርቅሮ ቆየና እጁን ሊታጠብ ወጣ። እቴቴ በወትሮው ወደዚያ ጠረጴዛ አትጠጋም፤ ሽቦ ያለበት ቦታ ሁሉ ያስፈራታል። ያን ዕለት ግን አቧራው አላስችል አላትና ጨርቅ ይዛ ቀረበች። ያኔ ነው ያየችው፤ ሳጥኗ ግድግዳው ላይ አልተሰካችም! ከልቧ አዘነችለት። ሰውዬው አርጅቷል ማለት ነው፤ ሳይሰካት ነው እንዴ «ለምን አትጮህም» እያለ የሚቃጠለው? ሽቦዋን ብትፈልግ አጣች። ወጥ ቤት ሄዳ የሬዲዮውን አዳፕተር ነቅላ አመጣች። ጅራቷ ተልጦ መዳቡ ወጥቶ ስለነበር ባለፈው ክረምት ከመድኃኒት ሳጥን ቁስል የሚታሸግበት ፕላስተር አውጥታ ራሷ ጠቅልላዋለች። ሳጥኗ ጎን ላይ ባለችው ክብ ቀዳዳ ብትሞክራት ልክክ አለች። ሌላውን ጫፍ ግድግዳው ላይ ሰካችው። ልታስደስተው ነበር። ድንገት ስትጮህለት ምን እንደሚል ከወጥ ቤት ሆና ልትሰማ ሄዳ ሽንኩርት መላጥ ጀመረች።

ሦስተኛውን ሽንኩርት ስትይዝ ቤቱ ጭር እንዳለ ታወቃት። ማንጎራጎሩ የለም፣ ማሳሉ የለም። ስትመጣ ግንባሩን ጠረጴዛው ላይ አስደግፎ፣ ግራ እጁን ሳጥኗ ላይ ጭኖ አገኘችው። መበየጃው ማስቀመጫው ላይ ሆኖ ቀጭን ጭስ ያወጣል።

መጀመሪያ የነቀለችው ሽቦውን ነው። ስሙን የጠራችው ከዚያ በኋላ ነው። አሁን ሌላው ሁሉ ይቅርና ይቺ ቅደም ተከተል ብቻ እንቅልፍ ትነሳታለች፤ ሳታውቀው፣ ሳትነካው፣ እጇ ለምን ቀድሞ ወደ ሽቦው ሄደ?

ሐኪሙ ልቡ ነው ብሎ ጽፏል። ልቡ ሕመምተኛ እንደነበር፣ ኪኒን ይውጥ እንደነበር፣ መዋጡን ደግሞ ግማሹን ቀን እንደሚረሳ ሁሉም ያውቃል። ግን ሐኪሙ ስለ ፕላስተሩ አልሰማም።

ሳጥኗን በፎጣ ጠቅልላ አልጋዋ ሥር፣ ከአሮጌው ሻንጣ ኋላ ሸሽጋታለች።

እዚያው ሁለተኛ ቀን ከሰዓት በኋላ የልጅ ልጇ መኝታ ቤት ድረስ ተከትላት ገባች። ሃያ አንድ ዓመቷ ነው፣ ከገበያው በር አጠገብ ባለች ጠባብ ሱቅ ውስጥ ስልክ ትጠግናለች። አያቷ «ቁንጫ» ብሎ ስም ያወጣላት ትንሽና ዘላይ ስለነበረች ነው፤ አሁን መዝለሉን ትታለች፣ ስሙ ግን አልተዋትም። የሳጥኗን ንድፍ ከስልኳ ላይ አውጥታ ለአያቷ ያሳየችውም እሷ ናት። እሱ ደግሞ በትልቅ ወረቀት ላይ በእርሳስ ገልብጦ ግድግዳ ላይ ለጠፈው።

«እቴቴ፣ ሳጥኗ የት ገባች?»

«የቷ ሳጥን?»

«እቴቴ!»

«ቤቱ ሰው ሞልቶበታል፣ እናትሽ ብቻዋን ብርጭቆ ታጥባለች፣ አንቺ ሳጥን ትያለሽ። ምሳ በልተሻል? ፊትሽ አመድ መስሏል።»

«በልቻለሁ። ሳጥኗን ስጪኝ። ነገ ከነገ ወዲያ የባንዱ ጓደኞቹ ይመጣሉ። አባባ ትንሽ ነው የቀረው፣ እኔ ልጨርሳትና...»

«ትገድልሻለች!»

ቁንጫ ወደ እሷ ጠጋ አለች። ከዚያ በለሰለሰ ድምፅ፣ ደንበኛ ስታባብል እንደምታደርገው፣ «ዘጠኝ ቮልት እኮ ናት፤ ዝንብ አትገድልም። አጎቴ የሚያወራውን አትስሚ» አለች።

«ዝንቡን ተይው። አንድ ቀብሬያለሁ፤ አንቺን ደግሞ ልቅበር? ውጪ፣ ሂጂ እናትሽን አግዢ።»

ቁንጫ ወጣች። እቴቴ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ዘጠኝ ቮልት ትላለች ልጅቷ፤ ግድግዳው ላይ መሰካቱን አታውቅ፣ ፕላስተሩን አላየች። ብትከፍታት አንድ የተቃጠለ ነገር ታገኛለች። ያኔ ዞራ «እቴቴ፣ ምንድን ነው ያደረግሽው?» ትላለች። ልጅቷ በኮረንቲ ከምትያዝና ይህን ጥያቄ ከምትጠይቅ የትኛው የበለጠ እንደሚያስፈራት ለራሷም አልታወቃትም።

በሦስተኛው ቀን የባንዱ ድራመር መጣ። ትከሻው ጎብጧል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ብቻ ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ጣቶቹ ጉልበቱን መምታት ጀመሩ፣ መንቀጥቀጡም ቀጥ አለ።

«ቀጭኑ ይቀድመኛል ብዬ አስቤ አላውቅም፤» አለ። ባንዱ ውስጥ ሟቹን የሚጠሩት ቀጭኑ እያሉ ነበር። «የኔን ሬሳ እሱ ነበር የሚሸከመው። ቀጭን ነው እንጂ ጠንካራ ነበር።»

ሾፌሩ ወንድም «አጥንቱ ብቻ ነበር» አለ።

«አጥንትና ጊታር። እናንተ ልጆች ደግሞ አልሰማችሁም።» ድራመሩ ቁንጫ ላይ አተኮረ። «ንቧን አልሰማችሁም።»

«ንቧ ማናት?» አለች አንዲት ጎረቤት፣ በሟች ላይ የሴት ወሬ የተገኘ መስሏት ወንበሯን እየሳበች።

«ሳጥን ናት እመቤት፣ ሳጥን! እንዲህ ያለች የብረት ሳጥን። እንጫወትበት ወደነበረው ሆቴል እንግዳ ሙዚቀኛ መጥቶ ሲሄድ ለቀጭኑ ትቶለት ሄደ። ረገጣት ማለት አንድ ቀፎ ንብ አዳራሹ ውስጥ ተለቀቀ ማለት ነው። ሰው ምግቡን ትቶ ይነሳ ነበር! ከዚያ ከሆቴሉ ተሰረቀች። ማን እንደሰረቃት አልታወቀም። ቀጭኑም ከዚያ በኋላ ሲጫወት ልቡ አብሮት የለም፤ ዓመት ሳይሞላ ባንዱም ተበተነ።»

እቴቴ ቀና አለች። «ተሰረቀች ነው ያላችሁ?»

«ተሰረቀች ነው ያለን። ለምን?»

«ምንም፣» አለች እቴቴ።

የዛሬ አርባ አንድ ዓመት፣ የቁንጫ እናት በዳዴ የምትሄድ የዘጠኝ ወር ልጅ ነበረች። እቴቴ ልብስ አስጥታ ስትመለስ ልጅቷ የንቧን ሽቦ አፏ ውስጥ ከታ ስታኝክ አገኘቻት። ልጅቷን ታቅፋ፣ ምላሷን ገልጣ አይታ፣ ጣቶቿን አንድ በአንድ ቆጥራ ስትጨርስ በር ላይ የአሮጌ ብረት ሰብሳቢው ጋሪ ይንገጫገጫል። ሳጥኗን ከአንድ የተበሳ ድስት ጋር አሸክማ ሰደደችው። ጋሪው ከዓይኗ ሲሰወር ተነፈሰች።

ባሏ ከሥራ ገብቶ ሲሰማ የጠየቃት አንድ ነገር ብቻ ነው። «በየት በኩል ሄደ?»

ሁለት ቀን በየብረት ተራው ዞረ። በሁለተኛው ቀን ባዶ እጁን ገባ፣ እግሩን ታጠበ፣ ልጅቷን አነሳና ሆዷን ፉፍ አለባት። ከዚያ በኋላ ስለ ንቧ በቤቱ ተነስቶ አያውቅም። እቴቴ ረስቶታል ብላ ነበር። አርባ አንድ ዓመት አንድም ቀን አልወቀሳትም። አሁን ደግሞ ለጓደኞቹ ሌባ ፈጥሮ እንደነገራቸው ሰማች።

ድራመሩ ሻዩን ጨልጦ ብርጭቆውን ሲያስቀምጥ «በሞተበት ዋዜማ ደውሎልኝ ነበር» አለ። «‹አገኘኋት፣ ችግሯ የት እንደሆነ አገኘሁት፤ ነገ ትጮሃለች› አለኝ። እንደ ልጅ ነበር የሚስቀው። እስቲ ይህን ዓለም እዩት።»

ሰዉ ከንፈሩን መጠጠ። እቴቴ ግን ኪሷ ውስጥ ያለውን ጅራት በጣቷ ላይ ጠምጥማ ጠምጥማ ጣቷ ደነዘዘ። ነገ ያለው ያን ጠዋት ነበር። ከጧቱ ሁሉ መርጣ የገባችው በዚያ ጠዋት ነው። መጀመሪያ የወሰደችበትን ሳጥን ዕድሜውን ሙሉ ጠብቆ መልሶ ሊያገኝ ሲል፣ አንዲት ሐሙስ ሲቀረው፣ ራሱን ወሰደችው።

አራተኛው ቀን ጠዋት ሰው ሳሳ ብሎ ነበር። የተዋሱት ወንበር ግማሹ ተመልሷል። እቴቴ አንዲት ሩቅ ዘመድ እስከ በር ሸኝታ፣ «መንገድ ስትሻገሪ ግራ ቀኝ እዪ» ብላ አደራ ሰጥታ፣ ጉልበቷን ልታሳርፍ መኝታ ቤት ገባች። እንደ ልማዷ እጇን አልጋው ሥር ላከች። ፎጣው ጠፍጣፋ ነበር።

ጉልበቷን ረሳችው። ሳሎኑን በምን እንዳቋረጠችው አታውቅም። ቁንጫ ጥጉ ላይ፣ የአያቷ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ሳጥኗ በጀርባዋ ተንጋላ፣ ክዳኗ ተነስቶ፣ ሆዷ ተከፍቶ ይታያል። ቁንጫ የቴስተሩን፣ የኮረንቲ መለኪያውን፣ ቀይና ጥቁር ዘንግ ወደ ውስጥ ልትከት ነበር።

«እጅሽን አንሺ! አንሺ አልኩሽ!»

ቁንጫ ሁለት እጇን እንደ ምርኮኛ ወደ ላይ አነሳች። «እቴቴ፣ ምንም አልነካሁም! ባትሪዋን ብቻ ነው...»

«ከዚያ ወንበር ተነሺ። የኔ ልጅ፣ በሞቴ ተነሺ።» እቴቴ ክንዷን ይዛ ጎተተቻት። ስትጎትታት የራሷ ጉልበት ከዳትና ሁለቱም መሬት ሊወድቁ ሲሉ ቁንጫ ያዘቻት፣ ወንበሩ ላይም አስቀመጠቻት። እቴቴ ያንን ወንበር ከዚያ ቀን ወዲህ አልነካችውም ነበር። ከኪሷ አዳፕተሯን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«አያትሽን ልብ አይደለም የገደለው። አጎትሽ ልክ ነው። እኔ ነኝ።»

ተናገረችው። ሁሉንም፣ ከአቧራው ጨርቅ ጀምራ እስከ ሦስተኛው ሽንኩርት። ቁንጫ ጉልበቷ ሥር ቁጢጥ ብላ አንድም ቃል ሳታቋርጥ ሰማች። ሲያልቅ አዳፕተሯን አንስታ ጅራቷን አገላበጠች።

«ይሄ... የቁስል ፕላስተር ነው?»

«ሌላ አልነበረም።»

ቁንጫ ፕላስተሩን በጥፍሯ ነካ ነካ አደረገችው። ተነሳችና ሳጥኗን ወደ እቴቴ አስጠጋች። «ነይ እዪ።»

«አላይም።»

«መነፅርሽን አድርጊና እዪ። ስትጨርሺ ምቺኝ ከፈለግሽ።»

እቴቴ መነፅሯን አደረገች። የሳጥኗ ሆድ ቀይና ቢጫና ጥቁር ሽቦ የተሞላ ነበር፤ ሁሉም ግን በሥርዓት የተኛ፣ የስፌት መኪና ጠጋኝ እጅ ያለበት። የተቃጠለ ነገር የለም።

«ይቺ ጊታሩ የሚገባባት ናት፤» አለች ቁንጫ በእርሳስ ጫፍ እያሳየች። «ሁለት ሽቦ ወጥቶላታል። ይቺ ወደ ማጉያው የምትሄደው፤ እሷም ሁለት። ይሄ የሚረገጠው ቁልፍ ነው፤ ሽቦው ብዙ ነው፣ አትቁጠሪው። አሁን አንቺ የሰካሽባትን ቀዳዳ ከውስጥ አሳዪኝ።»

እቴቴ ጣቷን ሳታስጠጋ፣ ከሩቁ ጠቆመች።

«ስንት ሽቦ አላት?»

እቴቴ ጎንበስ አለች። መነፅሯን ወልውላ ደግማ ጎንበስ አለች። ከፕላስቲኩ ቀዳዳ ጀርባ ሁለት የሚያብረቀርቁ አጫጭር እግሮች ወጥተዋል። አዲስ ናቸው። ለመበየድ የሚቀልጥ ሊድ የሚባል ነክቷቸው አያውቅም። ምንም ነገር አልታሰረባቸውም።

«ሽቦዋ የት ሄደ?»

«ኖሮ አያውቅም።» ቁንጫ አጠገቧ መሬት ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። «እቴቴ፣ እንዲህ ያለ የድሮ ዓይነት ፔዳል ከግድግዳ ጋር አይስማማም፤ ባትሪው የሚገባበት አቅጣጫ ግልብጥ ነው፣ የሬዲዮ አዳፕተር አይሆነውም። አባባ ይህን ከኔ በላይ ያውቃል። በባትሪ ብቻ ነው የምትሠራው። የሰካሽው ባዶ ቀዳዳ ላይ ነው። ምንም አልገባም። ገብቶም ቢሆን፣ አዳፕተሯ የግድግዳውን ኮረንቲ ዝንብ እስከማይገድል ታሳንሰዋለች...» አለችና ፕላስተሩን ልጣ፣ እቴቴ ሳትደርስባት አዳፕተሯን ግድግዳው ላይ ሰክታ፣ የተላጠውን ሽቦ በሁለት ጣቷ ቆነጠጠችው።

እቴቴ ጮኸች።

«እዪኝ። እዪኝ እቴቴ፣ እየሳቅሁ ነው። ይሄው ነው በቃ።»

በእርግጥም ትስቃለች፤ ዕንባዋ ግን ይወርዳል። እቴቴ ሽቦውን ነቅላ እጇን ቀጥቅጣ መታቻት፤ ከዚያ ያንኑ እጅ ይዛ ጣቶቿን አንድ በአንድ አየች።

«ታዲያ ያቺን ቀዳዳ ለምን በሳት?» አለች እቴቴ።

ጥያቄው ከአፏ ሳያልቅ መልሱን አወቀችው።

ባሏ ባትሪ የሚፈትነው በምላሱ ነበር። አራት ማዕዘኗን ባትሪ ያነሳና ሁለቱን ጫፎቿን ምላሱ ላይ ለጠፍ ያደርጋታል፤ ፊቱን ጨፍገግ ያደርግና «ደህና ናት» ይላል። እቴቴ ይህን ባየች ቁጥር ነፍሷ ትወጣ ነበር። «ባትሪ መርዝ ነው፣ ጋዜጣ ላይ አንብቤያለሁ፣ ምላስህ ይቆረጣል፣ በምላስህ ትሞታለህ» ትለዋለች። ከሦስት ወር በፊት አንድ ቀን ሙሉ ስትነተርከው ዋለች። ማግስቱን መሰርሰሪያውን አንስቶ ሳጥኗን በሳና ይህችን ጥቁር ቀዳዳ ገጠመባት። «ይኸው፣ ከዛሬ ጀምሮ በግድግዳ ነው። ደስ አለሽ?» አላት። ደስ አላት። የዚያን ዕለት እንቅልፍ ወሰዳት።

«ግን ባትሪ ያስገዛኝ ነበር፤» አለች እቴቴ በዝግታ። «ለቴስተሩ ነው እያለ።»

«በየስንት ጊዜው?»

«በየሁለት ሳምንቱ።»

«ቴስተር በአንድ ባትሪ ዓመት ይሠራል እቴቴ።»

እቴቴ ቴስተሩን አየችው። ሳጥኗን አየቻት። ያቺን ባዶ፣ ንጹሕ፣ ለእሷ ብቻ ተብላ የተበሳች ቀዳዳ አየቻት። «ሌባ!» አለች። «ይሄ ሽማግሌ ሌባ! ሦስት ወር ሙሉ በገዛ እግሬ ሱቅ እየላከ!» ከደረቷ የወጣው ነገር ምን እንደሆነ መጀመሪያ አላወቀችውም፤ በአራት ቀን ውስጥ ረስታው ነበር። ሳቅ ነው። አፏን በመዳፏ ብትይዘውም በጣቶቿ መካከል እያመለጠ ወጣ።

ሾፌሩና ድራመሩ ከውጭ ሲገቡ ሁለቱን እንዲያ ሆነው አገኟቸው። «ምን ሆናችሁ? ምን ተገኘ?» አለ ሾፌሩ።

ቁንጫ ነገሩን ባጭሩ አስረዳችው። ሾፌሩ ጎንበስ ብሎ ቀዳዳዋን አየ፣ ጢሙን ዳበሰ። «እኔ እኮ ከመጀመሪያው ልብ ነው ብያለሁ» አለ።

ቁንጫ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ይህን ጊዜ እቴቴ አልከለከለቻትም፤ ወንበሯን አስጠግታ «ቀስ በይ» ብቻ ትላለች። ቁንጫ የቴስተሩን ዘንግ አንዷ ነጥብ ላይ አሳረፈች። «ባትሪዋ ደክማለች፤ ስድስት ቮልት ብቻ ቀርቷታል። እዚህ ጋ ግማሹ፣ ሦስት አካባቢ፣ መሆን ነበረበት። ያው ስድስት ነው። ሁለተኛው ትራንዚስተር ሥራ ፈቷል ማለት ነው።» ወደ ውስጥ አጎንብሳ አየች። ከዚያ «ይሄ ያንቺ ነው?» አለች።

የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል፣ ባለ ሦስት እግር ትራንዚስተር አንዱ እግሩ ላይ የእቴቴ የፀጉር ክሊፕ ነክሶ ይዞታል። ያ ክሊፕ ከጠፋ ሁለት ሳምንት ሆኖታል፤ ለዚያም ቁንጫን ጠርጥራት ነበር።

«ይሄ ዓይነቱ ሙቀት አይወድም፤» አለች ቁንጫ። «ሲበየድ እግሩን ብረት ካልያዘለት ሙቀቱ ውስጡ ገብቶ ይገድለዋል። ክሊፑ ሙቀቱን ይቀበልለታል። እዪ፣ ይሄን እግር ሊበይድ አዘጋጅቶታል። የድሮውን ብየዳ አውልቆታል፤ ደህና አልያዘም ነበር፣ ለዚህ ነው ድምፁ የሚቋረጠው። ለአቶ ድራመር የነገራቸው ይሄን ነው። አግኝቶታል እቴቴ። መበየጃው እስኪግል ነበር የሚጠብቀው።»

የሚጠብቀው እስኪግል ነበር። እጁን ሳጥኗ ላይ ጭኖ፣ ያገኘውን አግኝቶ፣ ምናልባትም በሚስቱ የተሰካ የሬዲዮ ሽቦ አይቶ በሆዱ እየሳቀ። ነቅሎ እንዳያሳፍራት ትቶት።

ቁንጫ መበየጃውን ሰካች። ሲግል ሊዱን አስጠግታ ነካ አደረገችው፤ ጠብታዋ እንደ ዓይን አብረቀረቀች። ክሊፑን ከእግሩ ነቅላ ለእቴቴ ሰጠቻት። ለብ ብሎ ነበር። እቴቴ ፀጉሯ ላይ ሰካችው።

ጊታሩ ከግድግዳ ወረደ፣ ማጉያው በራ። ቁንጫ አያቷ ያስተማራትን አንዲት ዜማ ብቻ ታውቃለች፤ እሷን ያዘች። ንጹሕ ድምፅ ወጣ። «እቴቴ፣ አንቺ ርገጪያት» አለች።

«እኔ?»

«አንቺ።»

እቴቴ ተነስታ ወጣች። ፈራች ብለው ሲተያዩ የጎማ ነጠላ ጫማዋን አድርጋ ተመለሰች። «ምን ትስቃላችሁ? መጠንቀቅ አይከፋም፤» አለች። ልጅቷን «አንቺም ከማጉያው ራቅ በይ» አለቻት። ከዚያ የወንበሩን መደገፊያ ይዛ፣ ዓይኗን ጨፍና ረገጠች።

ቤቱ በንብ ተሞላ። የመስታወት መደርደሪያው ውስጥ ያሉት ብርጭቆዎች ተንጫጩ፤ የቁንጫ እናት እጇ አረፋ እንደያዘ ከወጥ ቤት ሮጣ መጣች። ድራመሩ «እሷ ናት!» አለ፣ ሁለት እጁ ጉልበቱን ይደልቃል። «እሷው ራሷ ናት፣ ቀጭኑ!» ሾፌሩ ጆሮውን ይዞ ዕንባውን በትከሻው ይጠርጋል። እቴቴ እግሯን ከቁልፉ አላነሳችም። ድምፁ በጎማው አልፎ እስከ ጉልበቷ ሲመጣ ይሰማት ነበር።

ዜማው መሐል ላይ ድምፁ ሰለለ፣ ተቆራረጠ፣ እንደሚያንቀላፋ ሰው አንድ ሁለቴ ተንፍሶ ዝም አለ።

«ባትሪዋ ናት፤» አለች ቁንጫ። «አለቀች። ሄጄ ላምጣ።»

«ቁጭ በይ፣» አለች እቴቴ። የጠረጴዛውን መሳቢያ ሳበች። ባለፈው ሳምንት «ለቴስተሩ» የገዛችው ባትሪ ከነመጠቅለያው ተቀምጧል። መጠቅለያውን ቀደደች። ቁንጫ እጇን ዘረጋች።

እቴቴ አልሰጠቻትም። ባትሪዋን አገላብጣ አየቻት፤ ወደ መስኮቱም ዞር አለች። ከዚያ ዕድሜዋን ሙሉ የተቆጣችበትን ነገር አደረገች፤ ቀስ ብላ፣ ሁለቱን ጫፎች ምላሷ ላይ ለጠፈች። ቆነጠጣት፤ ጨው ጨው፣ ብረት ብረት አላት። ፊቷ ጨፍገግ አለ።

«ደህና ናት፣» አለችና ለልጅቷ አቀበለቻት።